ጌም ስጫወት ኮምፒውተሬ አንዳንዴ ይደርቃል፣ አንዳንዴ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ሁለት ወር ያህል ስታገለው የቆየሁት ችግር ስላለብኝ ልምድ ያላችሁ እንድትረዱኝ በትህትና እጠይቃለሁ። ጌም ለመጫወት ብዬ ራሴ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር በጨዋታ መካከል እየደረቀ ወይም ድንገት እየጠፋ አስቸግሮኛል። ኢንተርኔት ስከፍት፣ ፊልም ሳይ ወይም ስጽፍ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ ምንም አይሆንም፤ ጌም ከከፈትኩ ግን በሃያ ደቂቃም ይሁን በሁለት ሰዓት አንድ ነገር መፈጠሩ አይቀርም።

የሚፈጠረው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንድ ቀን ስክሪኑ ባለበት ቀጥ ይልና ድምፁ እንደተጫረ ሲዲ «ድድድድ» እያለ አንዲት ቁራጭ ይደጋግማል፤ ያን ጊዜ የማብሪያ ቁልፉን ተጭኖ ከመያዝ በቀር የሚሠራ ነገር የለም። አንዳንድ ቀን ጌሙ ብቻ ተዘግቶ ወደ ዴስክቶፕ ይመልሰኛል፤ የሚያወጣው የስህተት መልእክትም በየጊዜው ይለያያል። ሰማያዊ ስክሪን ያየሁባቸው ቀናትም አሉ። ከሁሉ የሚገርመኝ አራተኛው ነው፤ ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና ኮምፒውተሩ በራሱ ሪስታርት ያደርጋል። ይህ ደግሞ ከባድ ውጊያ ላይ ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ካርታ ስከፍት ወይም የጌሙ ዋና ሜኑ ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው።

ፕሮሰሰሩ ሪዘን 7 5800ኤክስ፣ ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 3080፣ ፓወር ሰፕላዩ ጎልድ የሚል ምልክት ያለው 750 ዋት፣ ራሙ 3600 ፍጥነት ያለው ዲዲአር4 32 ጊጋባይት፣ ሲስተሙ ዊንዶውስ 11 ነው። ግራፊክስ ካርዱን የቀየርኩት በቅርቡ ሲሆን የቀድሞው በጣም አነስ ያለ ነበር። ራሙም መጀመሪያ 16 ጊጋባይት ስለነበረ በዚያው ሰሞን ሌላ 16 ጨምሬበታለሁ።

እስካሁን የግራፊክስ ድራይቨሩን (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ዲዲዩ በተባለ ማጥፊያ ፕሮግራም ጠርጌ አጥፍቼ እንደገና ጭኛለሁ፤ ዊንዶውሱን ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርጌአለሁ፤ አቧራውን አጽድቼ የፕሮሰሰሩን ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ቀይሬአለሁ። በጨዋታ ላይ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ከ74፣ የካርዱም ከ71 ዲግሪ አያልፍም። የዊንዶውስ የራም መመርመሪያ «ምንም ችግር አልተገኘም» ብሎኛል። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተቶች መዝገብ) ውስጥ ስገባ የማገኘው ቀይ ምልክት ያለበት «ከርነል-ፓወር 41» የሚል መዝገብ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥር ስጠይቅ ግማሹ ሰው ፓወር ሰፕላይ ቀይር ይለኛል፣ ግማሹ ራም ቀይር ይለኛል፣ አንዱማ ማዘርቦርዱን ጣለው ብሎኛል። ዕቃ በግምት እየገዛሁ መሞከር አልፈልግም። ከየት ብጀምር ይሻላል?


የመጀመሪያው መላሽ

ጥያቄዎን በዝርዝር ስላቀረቡ አመሰግናለሁ፤ አብዛኛው ሰው «ጌሜ ስታክ ያደርጋል» ብሎ ብቻ ስለሚተወው መልስ ለመስጠት ያስቸግራል። አንድ ነገር ግን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። እርስዎ አራት ዓይነት ብልሽት ዘርዝረው ሲያበቁ «ችግሩ» እያሉ በነጠላ ጠሩት። ምናልባት በእርግጥ አንድ ይሆናል፤ ሁለት ከሆነ ግን፣ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ስለሚቀጥል፣ ያደረጉት ትክክለኛ ለውጥ ምንም እንዳልጠቀመ ቆጥረው መልሰው ያፈርሱታል። ብዙ ሰው ወራት የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ከርነል-ፓወር 41 ብዙዎች እንደሚሉት የፓወር ሰፕላይ ብልሽት ማስረጃ አይደለም። ዊንዶውስ ሲነሣ «ባለፈው ጊዜ በወጉ ሳልዘጋ ቀርቻለሁ» ብሎ የሚጽፈው ማስታወሻ ነው። ሶኬቱን ነቅለው ቢሰኩት እንኳ ያው 41 ይጻፋል። ሆኖም ማስታወሻው ውስጥ ጠቃሚ ነገር አለ። መዝገቡን ይክፈቱና «ዲቴይልስ» በሚለው ክፍል ሁለት መስመሮችን ይፈልጉ። አንደኛው «በግቼክ ኮድ» የሚለው ነው። እዚያ ላይ 0 ከሆነ ዊንዶውስ ምን እንደገጠመው ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው፤ ሌላ ቁጥር ካለ ሰማያዊ ስክሪን ነበረ፣ ቁጥሩም የስህተቱ መለያ ነው። ሁለተኛው «ፓወር በተን ታይምስታምፕ» የሚለው ሲሆን፣ ከ0 የተለየ ከሆነ ማሽኑን ያጠፉት እርስዎ ራስዎ ቁልፉን ተጭነው በመያዝ ነው። ሁለቱም 0 የሆኑባቸው መዝገቦች ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው የወደቀባቸው ቀናት ናቸው። እባክዎ ያለዎትን መዝገብ በሙሉ በወረቀት ላይ አውጥተው ይላኩልን።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲደርቅ ደግሞ ለማጥፋት አይቸኩሉ። ኪቦርዱ ላይ ነምሎክን ይጫኑና መብራቱ እንደሚበራና እንደሚጠፋ ይመልከቱ። መብራቱ ከታዘዘ ሲስተሙ በሕይወት አለ፤ የደረቀው ምስሉ ስለሆነ ጥርጣሬው ወደ ግራፊክስ ካርዱና ወደ ድራይቨሩ ያደላል። የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ ቁልፎችን አንድ ላይ ቢጫኑ ድራይቨሩ እንደገና ተነሥቶ ምስሉ ሊመለስም ይችላል። መብራቱ ካልታዘዘና ድምፁም አንዲት ቁራጭ የሚደጋግም ከሆነ ግን ማሽኑ ከነፕሮሰሰሩ ቆሟል። ያ «ድድድድ» የሚለው ድምፅ፣ የድምፅ ክፍሉ አዲስ ነገር የሚሰጠው አጥቶ በእጁ የቀረውን ቁራጭ ደጋግሞ ሲያጫውት የሚሰማ ነው።


ሁለተኛው መላሽ

እኔ በበኩሌ ከድራይቨሩ መጀመር ይሻላል እላለሁ። ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ወደ አንድ ቀደም ያለ ድራይቨር ስመለስ ቆሟል። የካርዱ ሙቀት 71 ነው ቢሉም፣ በዚህ ካርድ ላይ ያለው ሜሞሪ ለብቻው የሚለካ ሙቀት አለው። ኤችደብሊውኢንፎ በተባለው ፕሮግራም «ሜሞሪ ጀንክሽን» የሚለውን ይመልከቱ፤ 110 ዲግሪ ከደረሰ ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ዋናው ቺፕ ቀዝቅዞ ሜሞሪው የሚቃጠልበት ጊዜ አለ።


ሦስተኛው መላሽ

የሜሞሪውን ሙቀት ማየት ተገቢ ነው፤ በድራይቨሩ ላይ ግን ከላይ አስተያየት ከሰጡት ጋር አልስማማም። ጠያቂው ድራይቨሩን በንጽሕና አጥፍተው ጭነዋል፣ ዊንዶውሱንም ሁለቴ ፎርማት አድርገዋል። ከዚያ በኋላ ያልለቀቀ ችግር ሶፍትዌር የመሆኑ ዕድል እጅግ የመነመነ ነው። ግራፊክስ ድራይቨር ሲወድቅ ደግሞ ዱካ ይተዋል፤ ዊንዶውስ ካርዱ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰለት ድራይቨሩን አቋርጦ እንደገና ያስነሣውና በኢቨንት ቪወር 4101 የሚል ቁጥር ይመዘግባል። እርስዎ ይህን ቁጥር አልጠቀሱም።

እኔ ዓይኔ የገባው በጥያቄው ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፈው ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ሌላ 16 ጨምሬበታለሁ» የሚለው። ስለዚህ አሁን ማዘርቦርዱ ላይ አራት ራም ተሰክቷል ብዬ እገምታለሁ፤ ሁለቱ ጥንዶች በተለያየ ጊዜ የተገዙ ናቸው፤ ባዮስ (የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥም ኤክስ ኤም ፒ የተባለው የራም ፍጥነት ማብሪያ በርቷል። ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ።

ብዙ ሰው ራሙ ሳጥን ላይ 3600 ተብሎ ስለተጻፈ 3600 መሥራቱ መብቱ ይመስለዋል። የ5800ኤክስ ይፋዊ የራም ፍጥነት 3200 ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ኦቨርክሎክ፣ ማለትም ከይፋዊው ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው፣ ኤክስ ኤም ፒም ኦቨርክሎኩን በአንድ ጠቅታ የሚያበራ ማብሪያ ነው። የራሙ አምራች በዚያ ፍጥነት መሥራቱን የሚሞክረው በአንድ ሳጥን ውስጥ የሸጣቸውን ጥንዶች ነው። ሁለት ሳጥን ገዝተው አንድ ላይ ሲሰኩ፣ የንግድ ስማቸው፣ ፍጥነታቸውና ቀለማቸው አንድ ቢሆን እንኳ፣ በውስጣቸው ያለው ቺፕ ከተለያየ ፋብሪካ የመጣ ሊሆን ይችላል። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የራም መቆጣጠሪያም ከሁለት ይልቅ አራት ሲሸከም ሥራው ይከብደዋል። እያንዳንዱ ራም ጤነኛ ሆኖ አራቱ አብረው በ3600 ሲሠሩ ግን የሚሳሳቱበት ሁኔታ የታወቀ ነው። ጌሙ በየጊዜው በተለያየ መልእክት መዘጋቱ ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል፤ የተበላሸችው አንዲት ቢት (የመረጃ ቅንጣት) ዛሬ በምስል ላይ፣ ነገ በድምፅ ፋይል ላይ፣ ከነገ ወዲያ በራሱ በዊንዶውስ ላይ ልታርፍ ትችላለችና።

የዊንዶውስ የራም መመርመሪያ «ችግር የለም» ስላለ አይተማመኑበት፤ ላላ ያለ ፈተና ነው። ሜምቴስት86ን በፍላሽ ላይ ጭነው፣ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሥተው፣ አራቱንም ዙር ያስጨርሱ። በ32 ጊጋባይት ሰዓታት ስለሚወስድ ማታ ለቀውት ቢተኙ ይሻላል። አንድም ስህተት ካሳየ «ትንሽ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ከዜሮ በላይ የሆነ ቁጥር ሁሉ መጥፎ ነው።


ጠያቂው

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ግምቱ ትክክል ነው፤ አራት ባለ 8 ጊጋባይት ራም ነው የተሰካው፣ ኤክስ ኤም ፒም በርቷል። የካርዱን የሜሞሪ ሙቀት አየሁት፤ ከፍተኛው 92 ዲግሪ ነው።

መዝገቡንም እንደተባልኩት በወረቀት አወጣሁት። በመዝገቡ ውስጥ 11 ጊዜ 41 ተጽፏል። ከእነዚህ አምስቱ የበግቼክ ቁጥር አላቸው፤ ሁለቱ 26፣ ሁለቱ 59፣ አንዱ 80 ይላል። የቀሩት ስድስቱ 0 ናቸው። ከስድስቱም በሁለቱ ላይ ብቻ የማብሪያ ቁልፉ ሰዓት ተመዝግቧል፤ እነዚህ ያ የሚደጋገም ድምፅ የተሰማባቸው ቀናት መሆናቸውን አስታውሳለሁ። በአራቱ ላይ ሁለቱም መስመሮች 0 ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እስከዛሬ ሁሉንም አንድ ላይ ጨፍልቄ ነበር የማያቸው።


የመጀመሪያው መላሽ

ወረቀቱ ብዙ ነገር ነገረን። ቁጥሮቹ በአሥርዮሽ የተጻፉ ሲሆኑ፣ 26 የሜሞሪ አስተዳደር ስህተት ነው፤ 80 ሲስተሙ ሊኖር ይገባው የነበረን የሜሞሪ ገጽ ፈልጎ ሲያጣ የሚወጣ ነው፤ 59 ደግሞ አንድ የሲስተም አገልግሎት ሥራውን በሚሠራበት ጊዜ ያልተጠበቀ ነገር ሲገጥመው ነው። አንድ ኮድ ብቻ ደጋግሞ ቢመጣ ወደ አንድ ድራይቨር እጠቁም ነበር። እንዲህ ሲዘበራረቅ ግን ሦስተኛው መላሽ እንዳሉት ራሙን እጠረጥራለሁ። አምስቱን ሰማያዊ ስክሪኖች፣ ወደ ዴስክቶፕ የሚመልሰውን መዘጋትና ምናልባትም ሁለቱን መድረቆች በዚህ ስር እናስቀምጣቸው።

ሁሉም ነገር 0 የሆነባቸው አራቱ ቀናት ግን ሌላ ቤተሰብ ናቸው። ራም ሲሳሳት ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ጽፎ ይወድቃል፤ እነዚህ ምንም ሳይጽፉ እንደ ሻማ እፍ ብለው የጠፉ ናቸው። ይህ ኃይል የተቋረጠበት ማሽን ጠባይ ነው። «ከባድ ውጊያ ላይ ሳይሆን ሜኑ ላይ» ያሉት ነገርም ይበልጥ ያጠናክረዋል። ሜኑ ላይ ካርዱ የሚሥለው ነገር ቀላል ስለሆነ፣ ገደብ ካልተደረገበት በሰከንድ ብዙ መቶ ፍሬም (ምስል) ያወጣል፤ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲሸጋገርም የሚስበው ኃይል ከዝቅታ ወደ ከፍታ በቅጽበት ይዘላል። አርቲኤክስ 3080 በአማካይ 320 ዋት የሚስብ ካርድ ነው፤ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚዘለው ዝላይ ግን ከዚህ አማካይ በጣም ይበልጣል። በመለኪያ ፕሮግራም ላይ ይህን ዝላይ አያዩትም፤ ኤችደብሊውኢንፎ ራሱ ካልተቀየረ በቀር የሚያነበው በየ2 ሰከንዱ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ግን ያየዋል፤ ከገደቡ ካለፈበትም ራሱን ለመከላከል ይቆርጣል። ነገሩ የታወቀ ችግር ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው መስፈርት ፓወር ሰፕላዮች ለ100 ማይክሮሰከንድ ከተጻፈባቸው ዋት እስከ ሁለት እጥፍ መሸከም እንዲችሉ ደንግጓል። በነገራችን ላይ ጎልድ የሚለው ምልክት ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደማያባክን እንጂ እንዲህ ያለውን ዝላይ መቻሉን አይናገርም።

750 ዋት ለዚህ ካርድ አምራቹ የሚመክረው መጠን ስለሆነ፣ ፓወር ሰፕላዩን ይቀይሩ አልልም፤ ገና ነው። መጀመሪያ የጎን ክዳኑን ይክፈቱና ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ካርዱ ስንት ኬብል እንደሚሄድ ይቁጠሩ። በብዙዎቹ 3080 ካርዶች ላይ ባለ ስምንት ፒን ሁለት መሰኪያ አለ። ብዙ ሰው አንድ ኬብል ጫፉ ላይ ሁለት ራስ ስላለው ሁለቱንም ራስ ሰክቶ ይጨርሳል። ሂሳቡን ይመልከቱት፤ ካርዱ ከማዘርቦርዱ የሚያገኘው እስከ 75 ዋት ነው፤ ከ320 ላይ ይህን ሲቀንሱ 245 ዋት በኬብል መምጣት አለበት፤ በ12 ቮልት ሲካፈል ከ20 አምፔር በላይ ነው። አንድ ባለ ስምንት ፒን መሰኪያ በመስፈርቱ የተመደበለት 150 ዋት ሆኖ ሳለ፣ የሁለቱ ሸክም በአንድ ኬብል፣ ከፓወር ሰፕላዩ በኩልም በአንዲት መሰኪያ ያልፋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ይችለዋል፤ ግንኙነቱ ትንሽ ከላላ ግን አይችልም።

ሁለት ነገር በአንድ ቀን እንዳይነኩ አደራ እላለሁ። ራሙን ይጀምሩ፤ ውጤቱን አይተው ሲያበቁ ወደ ኬብሉ ይሂዱ።


ሌላ ተሳታፊ

በመካከል በመግባቴ ይቅርታ። የእኔም ጌም በጨዋታ መካከል ይዘጋል፤ ራሜ ግን ሁለት ብቻ ነው፣ በሜምቴስትም አልፏል። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል 13ኛ ትውልድ አይ9 ነው። ጌሙ ሲከፈት «ሼደር በማዘጋጀት ላይ» እያለ ሳለ የቪዲዮ ሜሞሪ አለቀ የሚል መልእክት ያወጣል፤ ካርዱ ግን 24 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። ይህም ከኃይል የመጣ ነው?


ሦስተኛው መላሽ

የእርስዎ ሌላ ታሪክ ነው፤ መልእክቱም ያሳስታል፤ የቪዲዮ ሜሞሪው አላለቀም። ሼደር (ምስሉ እንዴት እንደሚሣል ለካርዱ የሚነግሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ማዘጋጀት ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ የሚያሠራ ሥራ ሲሆን፣ በ13ኛና በ14ኛ ትውልድ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ ይኸው መልእክት የታወቀ ምልክት ነው። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው፣ ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ በጊዜ ብዛት ራሱን ይጎዳ ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ለዚህ የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ መመሪያ) ማሻሻያ ወጥቷል፤ የሚደርስዎትም በማዘርቦርዱ የባዮስ አፕዴት በኩል ነው። ማሻሻያው ወደፊት እንዳይጎዳ ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አይመልስም። ስለዚህ ባዮሱን አፕዴት አድርገው፣ የኢንቴል ነባሪ ቅንብር መመረጡን አረጋግጠው ችግሩ ከቀጠለ፣ ፕሮሰሰሩን በዋስትና ይቀይሩት፤ ኩባንያው ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች ዋስትናውን በ2 ዓመት አራዝሟል። ዝርዝሩን ለብቻው ጥያቄ አድርገው ቢያቀርቡት፣ የመጀመሪያው ጠያቂ ጉዳይ እንዳይቀላቀልባቸው ይረዳል።


ጠያቂው

ሦስት ሳምንት ጠፍቼ የቆየሁት እያንዳንዱን ነገር ለየብቻው ስሞክር ነው። ውጤቱን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አራቱም ራሞች ተሰክተው በ3600 ሜምቴስት86ን ለቀቅሁት። የመጀመሪያው ዙር ንጹህ ሆኖ አለፈና ደስ ብሎኝ ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሣ በሦስተኛው ዙር ላይ 14 ስህተት ቀይ ሆኖ ተደርድሯል። የቀድሞውን ጥንድ ብቻ ትቼ በ3600 ሞከርኩ፤ አራቱም ዙር ዜሮ። አዲሱን ጥንድ ብቻ በዚያው ሁለት መሰኪያ ሞከርኩ፤ እሱም ዜሮ። ከዚያ አራቱንም መልሼ ፍጥነታቸውን ወደ 3200 አወረድኩ፤ አሁንም ዜሮ። ስለዚህ የተበላሸ ራም የለም፤ አራቱ አብረው በ3600 አይስማሙም እንጂ። በጨዋታ ላይ የፍጥነቱን ልዩነት በዓይኔ ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ሰማያዊ ስክሪንም፣ ያ የሚደጋገም ድምፅም፣ የጌሙ መዘጋትም አልተመለሱም። በስድስተኛው ቀን ግን ሜኑ ላይ ቆሜ ሳለሁ ስክሪኑ ጨለመና ሪስታርት አደረገ። አስቀድማችሁ ባትነግሩኝ ኖሮ «ራሙም አልነበረም» ብዬ ፍጥነቱን ወደ 3600 መልሼው ነበር። መዝገቡን ከፈትኩ፤ ሁለቱም መስመሮች 0 ናቸው።

ክዳኑን ከመክፈቴ በፊት አንድ ሙከራ አደረግሁ። የካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 70 በመቶ አወረድኩና ጌሙንም በሰከንድ 60 ፍሬም ላይ ገደብኩት። ሰባት ቀን በየምሽቱ ተጫወትኩ፤ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ገደቡን ባነሣሁ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ጠፋ። ያን ጊዜ ነገሩ ከኃይል መሆኑን አመንኩ።

ክዳኑን ስከፍት እንደተባለው አንድ ኬብል ነው፤ ሁለቱም ራሱ ካርዱ ላይ ተሰክቷል። ስነቅለው አንደኛው ራስ በቀላሉ ወጣ፣ ሁለተኛው ግን ተጣብቆ እያወዛወዝኩ ነው የነቀልኩት። በእጅ ባትሪ ሳየው ከስምንቱ የፕላስቲክ ቀዳዳዎች የአንዷ ዳር ቡናማ ሆኖ ትንሽ አብጧል፤ ውስጧ ያለችው የብረት ፒንም ከሌሎቹ ወደ ኋላ ሸሽታለች። ካርዱን የሰካሁት ጊዜ ሳይጠጋ ቀርቶ ይሁን ወይም ኬብሉን አጥፌ ክዳኑን ስዘጋ ፒኗ ተገፍታ ይሁን አላውቅም። ጥፋቱ የራሴ ለመሆኑ ግን አልጠራጠርም፤ ኬብሉን እንዳይታይ ብዬ ከመሰኪያው ሥር አጥብቄ እንዳጠፍኩት አስታውሳለሁ።

አሁን ሁለት ኬብል ያስፈልገኛል። አንድ ጓደኛዬ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ተመሳሳይ ኬብል አለኝ ብሎኛል፤ ቅርጹም ልክ ይገባል። ልጠቀምበት?


የመጀመሪያው መላሽ

ኧረ በፍጹም! ይህን ከማድረግዎ በፊት መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው። ኬብሉ በካርዱ በኩል ያለው ጫፉ በመስፈርት የተወሰነ ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን የትኛው ፒን 12 ቮልት፣ የትኛው መሬት እንደሚሆን እያንዳንዱ አምራች እንደፈቀደ ያደርገዋል፤ የአንድ አምራች ሁለት ሞዴሎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ቅርጹ መግባቱ ምንም ዋስትና አይሆንም። በዚህ መንገድ በአንድ ማብራት ካርዳቸውን ወይም ዲስካቸውን ያቃጠሉ ሰዎች አሉ። የራሱ የፓወር ሰፕላዩ ሳጥን ውስጥ ያልተጠቀሙበት ኬብል መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሌለ በትክክለኛው ሞዴል ስም ከአምራቹ ይጠይቁ።

የጠቆረውን ኬብል ከእንግዲህ አይጠቀሙበት። ካርዱ ላይ ያለውን መሰኪያም በባትሪ ብርሃን ይመርምሩት፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ወይም ፒኑ ጠቁሮ ከሆነ አዲሱን ኬብል ሳይሰኩ ካርዱን ለጥገና ያሳዩ፤ አለበለዚያ አዲሱም ይቃጠላል። ሲሰኩ ጣት እስኪያመዎት ድረስ ይግፉ፤ ማቀፊያዋ «ቀጭ» ስትል መስማት አለብዎት፤ ኬብሉንም ከመሰኪያው ከወጣ በኋላ ጥቂት ሴንቲሜትር ቀጥ ብሎ ሳይሄድ አይጠፉት።


ጠያቂው

የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ፈልጌ አገኘሁት፤ ሁለት አዲስ ኬብል ከነፕላስቲኩ ተጠቅልሎ እስካሁን እዚያው ተቀምጦ ነበር። የካርዱ መሰኪያ ንጹህ ነው፤ በባትሪ ብርሃን ብቻ ሳይሆን ፎቶ አንሥቼ አጉልቼም አይቼዋለሁ። ለእያንዳንዱ መሰኪያ የየራሱን ኬብል ሰካሁ፤ ሁለቱም «ቀጭ» ብለዋል። የኃይል ገደቡንም የፍሬም ገደቡንም አንሥቼ፣ ሆን ብዬ ሜኑው ላይ ለአንድ ሰዓት ተውኩት፤ ካርታውንም ምናልባት መቶ ጊዜ ከፈትኩና ዘጋሁ።

ዛሬ 19ኛ ቀኑ ነው። ኢቨንት ቪወር ውስጥ አንድም አዲስ 41 የለም። ራሙን በ3200 ላይ ትቼዋለሁ፤ የጓደኛዬንም ኬብል ከነምስጋናው መልሼለታለሁ። የጠቆረውን ኬብል ደግሞ ከመጣሌ በፊት ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይሰካው ብዬ ሁለቱንም ራሱን በመቀስ ቆርጬዋለሁ።